የዘጠኝ ሰዓቱ ቁጥር

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ፊዚዮቴራፒስቷ ዛሬ ደብተር ሰጠችኝ። አንድ የሰጠችኝ መስሏታል፤ ሁለት ተጣብቀው ነበር። ጨዋ ልጅ ብሆን ሁለተኛውን እመልስላት ነበር። እንግዲህ በአንደኛው የአባዬ እግር ይጻፍበታል፣ በዚህኛው የቀረው ሁሉ።

የምጽፈው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። በዚህ ቤት በሩ የሚቆለፍ ክፍል እሱ ብቻ ነው። አያቴ ሁለቴ አንኳኩታ ሆዴን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ተሳሳትኩ፤ አሁን አንድ መራራ ነገር አፍልታ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

ሳረጅና ሁሉን ስረሳ እንዳልቸገር ከሥሩ ልጻፈው። አባዬ የመኪና አሰልጣኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጦ ኖሯል። የማሰልጠኛ መኪና በአሰልጣኙ በኩልም አንድ ፍሬን አለው። የአባዬ ሥራ ባጭሩ ቀኝ እግሩን ከዚያ ፍሬን በላይ አንጠልጥሎ መዋል ነው። የቀረው ወሬ ነው፤ ወሬውንም ይችልበታል።

ከስድስት ወር በፊት መኪናው ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ሰልጣኟ ፍሬን ልትይዝ ብላ ነዳጅ ሰጠች ተባለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ግን ስልኬን እያየሁ ስለነበር ምንም አላየሁም። ከዚያ በኋላ የአባዬ ቀኝ እግር መጎተት ጀመረ። ሐኪሞቹ ስንት ዓይነት ፎቶ አንስተው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ነው አሉ። እንደገባኝ ከሆነ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ሽቦ ሽፋኑ ተልጧል፤ ትእዛዙ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ይቀራል። አያቴ ግን ፎቶውን አላመነችም። ብርድ ነው ብላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስኮት ከፍቶ የሄደ ሰው ብርድ ካልመታው ማን ሊመታው ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷን «ቁጭ ብድግ» ብያታለሁ። ትምህርት ቤት ስናረፍድ የምንቀጣበትን ነገር እሷ መድኃኒት አድርጋ ታዝዘዋለች። ደግሞ ለቤት አንድ ጣውላ ሰጥታናለች፤ እሷ የምትሠራበት የሕክምና ማዕከል አናጢ የሠራው ነው፤ እንደ ፍሬን ይረገጣል፣ ይመለሳል። አባዬ በሠላሳ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደረገጠው እኔ እቆጥራለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከዚያ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እሷ የምታየው ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሆነ የከሰዓቱን በእኔ ዓይን ማየት ትፈልጋለች። ከስምንት ሳምንት በኋላ ደብተሩን አይታ ወደ ሥራ ይመለስ ወይም አይመለስ የሚል ወረቀት ትጽፋለች።

በእኔ ዓይን። እኔን ብሎ ምስክር።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ጠዋት 41። ዘጠኝ ሰዓት 23።

ደብተሩ ላይ፦ ጠዋት 41፣ ዘጠኝ ሰዓት 39።

እሱ አላዘዘኝም። ሠላሳው ሴኮንድ ሲያልቅ ቀና ብሎ እርሳሴን አየው። እኔን አይደለም፣ እርሳሱን። ሐኪም ቤት ውጤት እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው በሩን እንደሚያየው። ሠላሳ ዘጠኝ አልኩት። ጥሩ ነው አለና ካልሲውን አደረገ። ካልሲው ለማድረግ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

እሱ አላዘዘኝም።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

ትምህርት የለም፤ አባዬን ይዤ ማዕከሉ ሄድኩ። ይዤ ስል እሱ ነው የያዘኝ፤ ትከሻዬን እንደ በር እጀታ ጨብጦ።

አዳራሹ ረጅም ነው። ወገብ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ መሐላቸው እየሄዱ ጫፍ ላይ ካለው መስታወት ውስጥ ራስን መጋፈጥ ነው። መሬቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። ስንቱን ሰልጣኝ መስመር ረገጥክ፣ መስመር ለቀቅክ እያለ ላብ በላብ ሲያደርግ የኖረ ሰው ዛሬ በፕላስተሩ ላይ ተረከዙን ከጣቱ ሊያገጥም ሲንገዳገድ አየሁት። ቁጭ ብድግ ደግሞ ከጎኑ ሆና መስመር እንዳይለቁ ትለዋለች። ባልስቅ ይሻል ነበር። እሱም ሳቀ፣ ስለዚህ አልተቆጠረብኝም።

እዚያ ከሚመጡት ውስጥ አንዲት ዳኛ አለች። እግሯ ደህና ነው፤ እሷን የጣላት ድካሙ ነው። አንድ ቀን ችሎት መሐል እንቅልፍ ወስዷት ጠበቆቹ በጥልቅ እያሰበች መስሏቸው አሥር ደቂቃ በአክብሮት ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ችሎት አላየሁም ትላለች። አንድ ዳቦ ጋጋሪም አለ። እሱ ምድጃው ፊት ሲቆም እግሩ ይጠፋል፤ ወጥቶ ነፋስ ሲያገኘው ይመለሳል። ስለ እግሩ ሲያወራ ስለ አመለኛ ድመት የሚያወራ ይመስላል።

ቁጭ ብድግ አባዬን ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ አሥር ጊዜ አስነሳችው፤ ስፖንጅ ላይ አቆመችው፤ ጣቶቹ መሬት እንዳይጭሩ ቁርጭምጭሚቱን ቀና የሚያደርግ ማቀፊያ ለካችለት። አሥሩን ጨርሶ እቀጥላለሁ ሲል አስቆመችው። ሳይደክምዎ ይረፉ፣ ከደከመዎ በኋላ ያለው እረፍት አይደለም አለችው። አባዬ ይህን ለእማዬ ሲነግራት እማዬ እኔንስ ማን እንዲህ ባለኝ አለች።

መጋቢት 11፣ ማክሰኞ

42። 22። ደብተሩ ላይ 40።

እራት ላይ እማዬ ትሪውን ከአያቴ እጅ ስትቀበል «ያዝኩ» አለች። እኔ በእጄ የነበረውን ብርጭቆ ለቀቅኩት። ለእኔ አላለችም እኮ። ስብርባሪውን ስለቅም አያቴ ይህቺ ልጅ አፏ እንጂ እጇ አልበሰለም አለች። አባዬ ብቻ ሳህኑን እያየ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አላመጠ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

የባዮሎጂ ወረቀት ኮፒ ማድረግ ነበረብኝ። ለዚህ ጉዳይ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ትቼ ሁልጊዜ ሩቅ ነው የምሄደው። ዛሬ ዘነበ። ዝናብ ሰነፍ ያደርጋል፤ ገባሁ።

እዚያ ባለ ጓንቷ ትሠራለች። ባለ ጓንት ያላት አባዬ ነው፤ ስትሰለጥን እጇ መሪ ላይ እያላባት ስስ ጓንት ታጠልቅ ነበር። እራት ላይ ስሟ የሚነሳ ብቸኛዋ ሰልጣኝ ነበረች። ይህቺ ልጅ የሚሏትን ትሰማለች ይል ነበር፤ ከአባዬ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አይወጣም። ያን ቀን የነዳችው እሷ ናት። አሁን ጓንት የላትም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ወረቀቱን በቀሩት ቆንጥጣ የማሽኑን ክዳን በክርኗ ትከፍታለች።

አወቀችኝ። እንዳታውቀኝ ፀጉሬን ወደፊት ጥዬው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ አፍንጫዬ የአባዬ ነው። ጋሼ እንዴት ናቸው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ወረቀቱን እያወጣች፣ ዞር ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦

«በድንጋጤ ነው የታመሙት አይደል? እኔ ነኝ ያን በሽታ ያመጣሁባቸው። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር፤ አፈርኩ። ይቅርታ በይልኝ።»

እሺ አልኩ። እሺ። ከዚህ ሁሉ ቃል የመረጥኩት እሱን ነው። ወረቀቶቼን እዚያው ረስቼ ወጣሁ፤ ዝናቡ ውስጥ ተከትላ አመጣችልኝ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ቢነገረው እግሩ ይባስበታል ብዬ ነው። ደግሞ እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከአባዬ ጋር ማዕከሉ ሄድኩ። ቁጭ ብድግ የደብተሩን ቁጥሮች ወደ ግድግዳ ወረቀት ገልብጣ ሁለት መስመር ሠርታለች፤ ሰማያዊው ጠዋት፣ ቀዩ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለቱ እንደ መንትያ ተያይዘው ይወጣሉ። ዳኛዋ አይታው ከልብ አጨበጨበች። ጋጋሪው ቀዩን መስመር በጣቱ እየተከተለ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲህ ብሆን ምድጃ ላይ እተኛ ነበር አለ። ቁጭ ብድግ ደግሞ ለአመዘጋገቤ አመሰገነችኝ። እጅሽ ንጹሕ ነው አለች። የእጅ ጽሑፌን ማለቷ ነው።

አባዬ በመንገድ ላይ ስለ አየሩ አወራ። ስለ አየር አውርቶ የማያውቅ ሰው።

43። 20። ደብተሩ ላይ 42።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ ገብቷል። አያቴ ግን ለብርድ የጀመረችውን ጦርነት አላቆመችም። እማዬ ሥራ ላይ ሳለች ሳፋ ሙሉ ውኃ አፍልታ፣ ቅጠላ ቅጠል በትና፣ መስኮቱን ሁሉ ጠርቅማ አባዬን ብርዱን አጥቤ አወጣለታለሁ ብላ መታጠቢያው ውስጥ አስገባችው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ልጇን። እሱም እንዳያስቀይማት ገባ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የእንፋሎቱ ጠረን በሩ ላይ ተቀበለኝ። አባዬ መታጠቢያው ውስጥ ተቀምጧል፤ አያቴ ከጎኑ ቆማ ቀልድ ነው በል ትለዋለች። መነሳት አልቻለም። እግሩ ከውኃው ውስጥ ይታያል፤ ያዘዋል፣ አይሰማውም። ሁለታችን ብብቱን ይዘን ጎተትነው፤ አያቴ ተንሸራታ እሷም ገባችበት። ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። ወለሉ ላይ ፎጣ ለብሶ ተጋድሞ መስኮት ክፈቱ አለ። ከፈትን። ግማሽ ሰዓት ያህል ጣሪያውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ እግሩ ተመለሰ። እንደ ጋጋሪው ድመት።

አያቴ ማታውን አልበላችም። እኔ ገደልኩት ትላለች። በዚህ ቤት እያንዳንዱ ሰው አባዬን የገደለው እሱ ይመስለዋል።

የዘጠኝ ሰዓቱ፦ 6። ደብተሩ ላይ ባዶ ልተወው አሰብኩ። 41 ጻፍኩ።

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ

ቁጭ ብድግን ስልክ ደውዬ ጠየቅኳት፤ የጎረቤት ሰው ጉዳይ አስመስዬ። ሙቀት በሽታውን አያብሰውም፣ ሲቀዘቅዝ ያልፋል፤ ግን ለዚያች ጊዜ እግሩ እንደሌለ ቁጠሪው አለችኝ። ሰውየው ራሱ ያውቀዋል ወይ አልኳት። ሁልጊዜ አያውቀውም አለች። አንዳንዱ ረገጥኩ ብሎ ይምላል።

ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ። አያቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ያን ቀን መኪናው ውስጥ ሙቀቱ መቀመጫውን ያቃጥል ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወስዱኝ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ረቡዕ

44። 18። ደብተሩ ላይ 43።

ሁሉም ሲወጣ ጣውላውን እኔ እረግጠዋለሁ። ዛሬ 67። ትናንት 69። ሁለት ቀነሰ። ስጋት ነው አውቃለሁ፤ ነገ ደግሞ እለካለሁ።

ኮሪደሩ ላይ እግር ሲጎተት እሰማለሁ። ሸርተት፣ ጠብ። ሸርተት፣ ጠብ። አባዬ ማዕከል ባለበት ሰዓትም እሰማዋለሁ።

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ

ስልኬን እያየሁ አልነበረም።

ይኸው። ከሰባት ወር በኋላ። አያቴ ገበያ ናት፣ እማዬ ተኝታለች፣ መታጠቢያ ቤቱ የእኔ ነው፤ እጽፈዋለሁ።

የማሰልጠኛ መኪና አንድ ሕግ አለው፤ አባዬ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው እሱን ነው፣ ከመሪም ከማርሽም በፊት። አሰልጣኙ «ያዝኩ» ካለ ሰልጣኙ ሁለቱንም እግሩን ከፔዳል ላይ ያነሳል። ወዲያው፣ ሳይከራከር። ሁለት ሰው አንድ መኪና ላይ ከታገለ መኪናው የማንንም አይሰማም። በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም። እራት ላይ ሳይቀር «ያዝኩ» ብሎ ጮሆ እግራችንን ከጠረጴዛ ሥር ያስነሳን ነበር፤ መጨረሻ ያነሳው ዕቃ ያጥባል።

ያን ቀን ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው። ባለ ጓንቷ ፍሬን ይዛ ነበር፤ እግሯን አይቻለሁ፣ ይዛ ነበር፣ የመኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ነበር። ከፊት አንድ ጋሪ ወጣ። አባዬ «ያዝኩ» አለ። እሷ እግሯን አነሳች። ሁለቱንም። አባዬ ደግሞ… እግሩ ከፍሬኑ በላይ ነበር። እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሱሪው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ግን ፍሬን የያዘ ሰው ፊት ነበር፤ ጥርሱን ነክሷል፣ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ባለ ጓንቷ ጋሪውን ለማዳን መሪውን አዞረች። ከዚያ ግድግዳው መጣ።

ስንወጣ የመጀመሪያው የአባዬ ቃል ነዳጅ ሰጠሽ የሚል ነበር። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሐዘን ነው ያለው። እሷም አመነችው። የሚሏትን የምትሰማ ልጅ ናት። ፖሊሱ እኔን ሲጠይቀኝ ስልኬን እያየሁ ነበር አልኩ። ያን ጊዜ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አሁን ቁጥር ለምን እንደምጨምርም አላውቅም። እግሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደህና ከሆነ ግን፣ ያን ቀንም ደህና ነበር ማለት ነው። አይደል?

ሚያዝያ 22፣ ሰኞ

የምሥራች። ቁጭ ብድግ በሚቀጥለው ሰኞ ወረቀቱን ትፈርማለች። ማሰልጠኛው በከሰዓት ፈረቃ ሊያስጀምረው ነው፤ ጠዋቱ ተይዟል። የመጀመሪያዋ ሰልጣኝ እርጉዝ ናት ተብሏል፤ ከመውለዷ በፊት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ትፈልጋለች። አባዬ ይህን ሲነግረን እማዬ አቀፈችው። አያቴ በሳፋው አሳበበች፤ ዞሮ ዞሮ ያዳነው ያ ውኃ ነው ብላ ማመን ጀምራለች።

እኔ ደብተሩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

17። ደብተሩ ላይ 44።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ



አባዬ ከሥራ በፊት እግሬን ላፍታታ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ከማሰልጠኛው ተቀበለ። ነይ ንጂ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ገና ነሽ ሲለኝ የኖረ ሰው። በስንት ሰዓት አልኩት። ምሳ በልተን አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በማሰልጠኛው ሜዳ ነበርን። ሌላ ሰው የለም። ጫፉ ላይ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል፤ ሜዳው ወደዚያ ትንሽ ያዘቀዝቃል። መስኮቶቹን ልከፍት ስል ነፋሱ አቧራ ያስገባል ብሎ ከለከለኝ። የአያቴ ልጅ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ዞርን። ጥሩ ነዳሁ፤ ስነዳ ሰደበኝ፣ ይህም ጥሩ ምልክት ነው። መሪውን እንደ ድስት ክዳን አትያዢው፣ ስፖኪዮ ፊትሽን የምታዪበት አይደለም። ከድሮው አባዬ ጋር የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ወደ ጎማዎቹ አዞርኩና ነዳጅ ሳልሰጥ ለቀቅኩት። ፍሬን አልያዝኩም። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር፣ ግን አልያዝኩም። ላየው ፈለግኩ። እንዲህ ያለች ልጅ ነኝ።

«ያዝኩ» አለ።

እግሬን አነሳሁ። ሁለቱንም። እጄ ግን የእጅ ፍሬኑ ላይ ነበር። እግሩን አየሁት። ምንጣፉ ላይ፣ ከፍሬኑ አጠገብ፣ እንደ ሌላ ሰው ጫማ ተቀምጧል። መኪናው ሄደ። ጎማዎቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጥሬ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት።

ቆምን። አባዬ ትንፋሹን ለቀቀና አየሽ፣ ለዚህ ነው ሁለተኛ ፍሬን የተሠራው አለኝ።

«አባዬ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጄን አየ። ከዚያ እግሩን። ሞተሩን አጠፋሁት። መስተዋቱን እያየ ጠየቀኝ፦

«ያን ቀን ከኋላ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ረግጬ ነበር እኮ» አለ። «እስከ ዛሬ ድረስ የረገጥኩበት ስሜት እዚህ እግሬ ውስጥ አለ። ማታ ማታ ይሰማኛል። ፍሬኑ ሲጠጥር ሁሉ።»

የዘጠኝ ሰዓቱን ቁጥር እኔ ነኝ የጨመርኩት አልኩት፤ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ይቆጣል ብዬ ነበር። በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ጠረገ።

«አውቃለሁ፤ እግሬ እኮ ነው። እኔም እቆጥር ነበር።»

ቤት የመለሰን እማዬ የጠራችው ታክሲ ነው። መኪናውን እዚያው ተውነው።

ሚያዝያ 29፣ ሰኞ

አባዬ ራሱ ነገራት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ጫማዬን አጠናሁ።

ቁጭ ብድግ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አውርዳ ቀዩን መስመር ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ የምፈልገው ትንሹን ቁጥር ነው። የማክመው እሱን ነው። ትልቁን ምን አደርገዋለሁ?»

ወረቀቱ አልተፈረመም። ከእንግዲህ ፍሬን ላይ የሚቀመጥ እንደማይመስላት ለአባዬ ሳታለባብስ ነገረችው። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የመንገድ ሕግ ማስተማር ይችላል፤ ለዚህ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለች። ማቀፊያው ይቀጥላል፣ ለከሰዓት ውስጡ በረዶ የሚገባ ሰደርያ ትፈልግለታለች፣ ፕሮግራሙ ከዜሮ ይጀመራል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳያንቀላፋ ዳኛዋ ልምዷን እንደምታካፍለው ቃል ገባች። አባዬ ፈገግ አለ፣ ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። ስለ አደጋው ለማሰልጠኛው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ያን ጊዜ እያሰበ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ጠዋት 44። ዘጠኝ ሰዓት 19። ደብተሩ ላይ 19። የጻፍኩትን ከሥሩ አሰመርኩበት።

ግንቦት 3፣ ዓርብ

አባዬ የአደጋውን እውነት ሦስት ቀን ጻፈ። ጠዋት ጠዋት፣ ጣቱ ሳይደክም። እማዬ የመጀመሪያውን አንብባ ይህን ካስገባህ ሥራውም ፈቃዱም ይሄዳል፣ የክፍሉን ማስተማር እንኳ ላይሰጡህ ይችላሉ አለችው። አውቃለሁ አላት። እሷም ሸሚዙን ተኮሰችለት። አያቴ ብቻ ብርድ የመታው መሆኑን ጻፍበት አለች። ለእሷ ሲል አንድ መስመር ሊጨምር ነበር፤ እኔ ከለከልኩት።

ሦስት ኮፒ ያስፈልጋል፤ ለማሰልጠኛው፣ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለካሳ ክፍሉ። ሩቅ ያለውን ኮፒ ቤት አውቃለሁ፣ እዚያ ልውሰድልህ አልኩት። አይ፣ ሰፈር ያለው ይሻላል አለኝ። ማን እንደምትሠራበት የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር። ያውቃል። ለስምንት ወር እሱም በሩቁ እየዞረ ነበር የሚያልፈው።

በምርኩዝ ሄደ። እኔን አልያዘኝም። ደፉ ላይ ማቀፊያው ያለበትን እግር ማንሳት አቅቶት በእጁ ሱሪውን ይዞ አነሳው። ባለ ጓንቷ ስታየው ከወንበሯ ተነስታ ቆመች፤ ወንበር ልታቀርብለት ስትል እንቢ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋላት።

«ሦስት ኮፒ። እያነበብሽ አውጪው።»

አነበበችው። ማሽኑ ክዳኑ ተከፍቶ ብርሃኑ ወደ ጣሪያ ይበራ ነበር። አንድ ሰው ገብቶ ወረፋ ያዘ፤ ቀና ብላም አላየችው። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ከላይ ጀመረችው እንደገና። አባዬ ምርኩዙ ላይ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ከጉልበቱ በታች እግሩ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ ልይዘው እፈልጋለሁ፣ አልያዝኩትም።

«እግሬን ማንሳቴ ልክ ነበር?» አለችው።

«ልክ ነበርሽ።»

«ነዳጅ አልሰጠሁም።»

«አልሰጠሽም። ያዝኩ አልኩሽ፤ አልያዝኩም።»

ወረቀቱን አስተካክላ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን በክርኗ ዘጋችው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ። ይቅርታ አላላትም፤ ወረቀቱ ላይ ብሎታል። እሷም ይቅር አላለችውም። ሦስቱን ኮፒ ከዋናው ጋር በወረቀት ማያያዣ አስራ ሰጠችው። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግማ ቁልፉን ተጫነችው፤ አራተኛው ወጣ። ገና ትኩስ ሳለ አራት ቦታ አጥፋ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችውና ወረፋ የያዘውን ሰውዬ ምን ልርዳህ አለችው።